ከጎን የተጻፈው ቁጥር

እናቴ የአምቦ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበረች። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ወሬ በሞላበት ቤት ያደግሁ ይመስለዋል። እውነቱ ግን በከተማው ውስጥ ከኛ ቤት ያነሰ ወሬ የሚሰማበት ቤት አልነበረም። ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን ሊያገባ እንደሆነ፣ ማን ወዴት እንደተዛወረ እናቴ ከሁሉ ቀድማ ትሰማለች፤ እኛ ልጆቿ ግን የምንሰማው ከጎረቤት ነበር። ሥራ ስትጀምር የሰው ጉዳይ በጆሮዋ ገብቶ በአፏ እንዳይወጣ ምላለች፤ እሷ ደግሞ መሐላን በቀልድ የምታይ ሴት አይደለችም። «ዛሬ ሥራ እንዴት ዋለ?» ስንላት «ደህና» ትላለች፣ አለቀ። በዚህ ነገር በጣም እበሽቅ ነበር። የሌላው ሰው እናት ገበያ ውላ ስትመለስ የገበያውን ጉድ ሁሉ ትዘረግፋለች፤ የኔዋ የከተማውን ምስጢር በሙሉ በሆዷ ይዛ ዝም ብላ ሽንኩርት ትከትፋለች።

ሰባዎቹ ሊያልቁ ሲሉ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ ሆንኩ። ዘርፌ መገናኛና ኮምፒውተር ነበር። በክፍላችን ሴቶች ሁለት ብቻ ነበርን፤ ሌላዋ ዝምተኛ፣ እኔ ተናዳጅ። ያኔ ኮምፒውተር ተማርን ማለት ኮምፒውተር ነካን ማለት አይደለም። ማሽኑ በመስታወት በተከለለ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ እንደ እንግዳ ተከብሮ ይቀመጣል። እኛ ፕሮግራሙን በእርሳስ ወረቀት ላይ እንጽፋለን፣ ከዚያ እያንዳንዱን መስመር በአንድ አንድ ካርድ ላይ በመብሻ ማሽን እንበሳለን፣ የካርዱን ቁልል በመስኮት አስረክበን እንሄዳለን። በማግስቱ ስንመለስ መልሱ በሰፊ ወረቀት ታትሞ ይጠብቀናል። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ከተረሳች ገጹ ሙሉ ስድብ ነው። ጓደኞቼ በዚህ ያለቅሱ ነበር፤ እኔ ግን ወደድኩት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የጠየቅሁትን ሁሉ ሳይሸሽግ የሚመልስልኝ ነገር አገኘሁ።

የመጨረሻው ዓመት ላይ የመመረቂያ ጥናት መሥራት ግድ ነበር። ሰኔ ሳይወጣ ካላለፈ ዓመቱን መድገም ነው። እኔም ወደማውቀው አገር ሄድኩ፤ የአምቦን ስልክ መረጥኩ። ከአምቦ አዲስ አበባ የሚሄዱት መስመሮች ጥቂት ናቸው፣ ሰው ግማሽ ቀን ወረፋ ይጠብቃል። የስልክ ቤቱን መዝገብ ወስጄ በኮምፒውተር ብቆጥረው የትኛው ሰዓት እንደሚጨናነቅ፣ ኦፕሬተር የማያስፈልገው አውቶማቲክ ስልክ ቢተከል ስንት መስመር እንደሚበቃ አሳያለሁ ብዬ ነው። አማካሪዬ ወደደው። ከስልኩ ዋና መሥሪያ ቤትም የፈቃድ ደብዳቤ መጣ፤ በአንድ ግዴታ፣ የጥናቱ ግልባጭ ለነሱ እንዲላክ። ኦፕሬተሯ እናቴ መሆኗን ለአማካሪዬ አልነገርኩትም። ሥራ እንዲቀልላት ወደ እናቷ ቤት ሄደች እንዳይለኝ ፈራሁ።

በሴሚስተሩ እረፍት አምቦ ገብቼ መዝገቡን መቅዳት ጀመርኩ። የተቀመጥኩት ውጭ ባለው የኃላፊው ክፍል ነበር፤ ኦፕሬተሮቹ ወደሚሠሩበት ክፍል ከሠራተኛ በቀር ማንም አይገባም። መዝገቡ በእናቴ ቀጥ ያለ ጽሕፈት የተሞላ ነበር፤ ሰዓት፣ የደወለው ሰው ቁጥር፣ የጠየቀው ቁጥር፣ የተነጋገሩበት ደቂቃ። በመጨረሻ «ማስታወሻ» የሚል ጠባብ ዓምድ አለ። እናቴ በዚያ ዓምድ በብዙ ቦታ ሌላ ቁጥር ጽፋለች። ሰው አሥራ አራትን ጠይቆ ከጎን ሠላሳ አንድ ተጽፏል። ሌላው ዘጠኝን ጠይቆ ከጎን የጊንጪ ቁጥር ተጽፏል።

ቤት ስትገባ ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ ማስታወሻው ላይ ያለው ቁጥር ምንድን ነው?»

«የሰው ጉዳይ ነው» አለችኝ፣ ምስር እየለቀመች።

«ስህተት ነው እንዴ?»

«ቅጂ ከተባልሽ ቅጂ። የሰው ጉዳይ ግን እኔን አትጠይቂኝ።»

ዓይኗን ከምስሩ አላነሳችም። በዚያ ዓመት መነጽር ጀምራ ነበር፤ ቤት ውስጥ መርፌ ላይ ክር የምታስገባላት ታናሽ እህቴ ናት። እኔም ወዲያው ገባኝ፣ ወይም የገባኝ መሰለኝ። የተጠየቀውን ቁጥር ትታ ሌላ ላይ እየሰካች ነው፤ ሐቀኛ ስለሆነች ስህተቷን ራሷ ትመዘግበዋለች፣ ስለምታፍር ደግሞ ለልጇ አትናገርም። አዘንኩላት። ሁለተኛ ላለመጠየቅም ወሰንኩ፤ ይህን ለራሴ እንደ ትልቅ ጨዋነት ቆጥሬው ነበር።

አዲስ አበባ ተመልሼ ጥሪዎቹን ሁሉ በካርድ በሳሁ። ከጎናቸው ሁለተኛ ቁጥር ያላቸውን ካርዶች ለይቼ አወጣሁና በላስቲክ አስሬ በጫማ ካርቶን ውስጥ አልጋዬ ሥር ከተትኳቸው። የቀረው ቁልል ንጹሕ ነበር፣ ፕሮግራሙም እንደ ውሃ ፈሰሰ። ውጤቱን ለአማካሪዬ ሳሳየው ግን በዚያ ስለት በመሰለ ዓይኑ የካርዱን ብዛት ከመዝገቡ ጋር አስተያየና «ሌላው የት ሄደ?» አለኝ።

«ስህተት ያለበትን አወጣሁት» አልኩ።

«ስህተትም መረጃ ነው። ቁጠሪና አምጪ።»

ቆጥሬ አመጣሁ። ከሦስት ጥሪ አንዱ ያህል ነበር። አማካሪዬ ከወንበሩ ቀና አለ። «ይቺ ኦፕሬተር ከሦስት ጥሪ አንዱን የምታሳስት ከሆነ የጥናትሽ ዋና ግኝት ይሄ ነው፤ የመስመሩ ነገር ትርፍ ነው። በመደምደሚያው ላይ ጻፊው» አለኝ። እናቴ ናት ለማለት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «እሺ ዶክተር» የሚል ነበር። ከዚያም ዓይኔን በጨው አጥቤ ተቀምጬ ጻፍኩት፦ የኦፕሬተሯ የስህተት መጠን አገልግሎቱን በእጅጉ ይጎዳል።

ጽፌ ስጨርስ ግልባጩ የት እንደሚላክ ትዝ አለኝ። ዋናው መሥሪያ ቤት ይህን ሲያነብ እናቴን ከቦታዋ ያነሳታል። ካላስረከብኩ እኔ ዓመቱን እደግማለሁ፣ ካስረከብኩ እሷ ሃያ ዓመት ከተቀመጠችበት ወንበር በልጇ እጅ ትነሳለች። ማስረከቢያው በሚመጣው ሰኞ ሳምንት ነበር። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ራሴ ልንገራት ብዬ ዓርብ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ጊንጪ ላይ መንገደኛው ሁሉ ወርዶ ቆሎ ሲገዛ እኔ ወረቀቱን በደረቴ ታቅፌ ከወንበሬ አልተነሳሁም።

አምቦ ስደርስ እናቴ ተረኛ ነበረች። ኃላፊው ደብዳቤዬን አይቶ ለጥናቱ ከሆነ ብሎ ውስጥ ገብቼ እንድመለከት ፈቀደልኝ። በሩ ላይ እናቴ አስቆመችኝ። የምሰማውን እዚያው ትቼ እንድወጣ አስምላኝ ነው ያስገባችኝ፣ የወለደችኝ ሴት! (አሁን እንዴት ጻፍሽው ለሚለኝ፣ ጠይቄያት ፈቅዳለች። ሁለት ሳምንት አስባበት ነው የፈቀደችው።)

ያ ክፍል ውስጥ የተቀመጠችውን ሴት አላውቃትም ነበር። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ፊቷ ባለው ሰሌዳ ላይ ገመዱን ከአንዱ ቀዳዳ ነቅላ ወደ ሌላው ስትሰካ እጇ ቀዳዳውን አይፈልግም፤ መነጽሯ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፣ አላደረገችውም። ድምፅዋ ደግሞ! ቤት ውስጥ በቃላት የምትቆጥብብን እናቴ እዚህ ተርፏት ታድላለች። «አካም ቡልተን! እንዴት አደሩ? አምቦ ነው። ልጅዎት ተሻላት? እሰይ። ማንን ልጥራልዎት?» ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። ቁጥር የሚጠቅስ ሰው እምብዛም የለም። «መምህሩን»፣ «እህል ነጋዴውን»፣ «ያን የእንጭኒውን ሰውዬ» ይሏታል፤ እሷ ታውቃለች።

ከዚያ ከገጠሯ ከተማ ከሸነን ተደወለ። የደወለው የክሊኒኩ ጤና ረዳት ነበር፤ ድምፁ እየተቆራረጠ ይመጣል፣ እናቴ እንድሰማ ማዳመጫውን ዘወር አደረገችልኝ።

«አዴ፣ በላምባ የሚሠራው ፍሪጃችን ተበላሸ! ነገ ገበያ ነው፣ እናቶች ልጆቻቸውን ለክትባት ይዘው ይመጣሉ። መድኃኒቱ ሊበላሽብኝ ነው። የጤና ቢሮውን ሹፌር ያገናኙኝ፣ በረዶ ይዞ ይድረስልኝ!»

እናቴ የጤና ቢሮውን ቁጥር ሰካች። ሹፌሩ ጠዋት ወጥቷል፣ የት እንዳለ አናውቅም አሏት። በተማርኩት መጽሐፍ መሠረት ጥሪው እዚህ ላይ አበቃ፤ የተጠየቀው የለም፣ ገመዱ ይነቀላል።

«ሂን ጂሩ፣ የለም» አለችው እናቴ ለጤና ረዳቱ፤ «አንተ ግን እንዳትዘጋ።» ጣሪያውን ለአፍታ አየች። ከዚያ ወደ ጊንጪ የሚሄደውን ገመድ አነሳች።

«ጊንጪ! አካም ቡልቴ?» የጊንጪዋ ኦፕሬተር መለሰች፤ ከእናቴ ጋር ዓመታት ሙሉ በድምፅ ብቻ የሚተዋወቁ፣ ፊት ለፊት ተያይተው የማያውቁ ወዳጆች ነበሩ። «ስሚ፣ የጤና ቢሮው ሹፌር ጠዋት የወጣ እንደሆነ ምሳው እናንተ ጋ ነው። ዛሬ ዓርብ ነው፣ ሰውዬው ይጾማል፣ ሥጋ ቤቱ አይገባም። ከመናኸሪያው ፊት ያለው ሽሮ ቤት ነው የሚበላው። እነሱ ስልክ የላቸውም፤ ከጎናቸው ያለውን ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ስጪኝ።»

ነጋዴው አነሳ። ሰላምታውን በወግ ተቀባበሉ፣ የሱቁ ጤና ተጠየቀ፣ ደቡብ ያሉት ቤተሰቦቹ ተጠየቁ፤ እኔ በትዕግሥት ማጣት ልፈነዳ ነው። ከዚያ ነጋዴው ከሱቁ ደጃፍ ወጥቶ ሲጣራ በስልኩ ውስጥ ይሰማል። ጥቂት ቆይቶ አንድ ሰው እያለከለከ፣ ጉርሻውን ገና ሳይውጥ «ሃሎ» አለ።

«ዱበዻ» አለች እናቴ፣ «ተናገሩ።» የሸነንን ገመድ ከጊንጪው ጋር አገናኘች። ሹፌሩ ከአምቦ በረዶ ጭኖ ከምሽት በፊት ሸነን ሊደርስ ተስማማ። ጤና ረዳቱ «ገለቶማ፣ ገለቶማ አዴ» እያለ ሲያመሰግን እሷ መስመሩን ትታላቸው ነበር።

መነጽሯን አድርጋ መዝገቡን ሳበች። የጤና ቢሮውን ቁጥር በተጠየቀው ዓምድ ጻፈች። ከጎን፣ በማስታወሻው ጠባብ ዓምድ፣ የጨርቅ ነጋዴውን የጊንጪ ቁጥር ጻፈች።

አልጋዬ ሥር በላስቲክ አስሬ ያስቀመጥኳቸው ካርዶች አንድ በአንድ ታዩኝ።

«እማዬ» አልኩ፣ «ይሄ ከጎን ያለው ቁጥር…»

«ሰውዬው የተገኘበት ነዋ።»

«ታዲያ ያኔ ስጠይቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

ዞር ብላ አየችኝ። «ማን የት ምሳ እንደሚበላ ሄጄ ለዩኒቨርሲቲ ልንገር?»

መደምደሚያውን አውጥቼ ሰጠኋት። መደበቅ አልቻልኩም። ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች ቀስ ብላ አነበበችው፣ ሁለት ጊዜ። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን አጣጥፋ መለሰችልኝ።

«እውነት ሲመስልሽ ጻፍሽው፤ ደግ አደረግሽ» አለች። «አሁን ግን አይመስልሽም።» ከዚያ ሰሌዳው ላይ መብራት በራ፣ ወደ እሱ ዞረች። በሩን ልከፍት ስል ደግሞ «የሰማሽውን እዚሁ» አለችኝ፣ ፊቷን ሳታዞር።

ችግሬ ይህ ነበር። የሸነኑን ታሪክ ለአማካሪዬ ብነግረው በአንድ ደቂቃ ይገባዋል፤ ግን ምያለሁ። ያለኝ ቁጥር ብቻ ነው። በመመለሻው አውቶቡስ መንገዱን ሙሉ አሰብኩ። ሰው አሥራ አራትን ጠይቆ በስህተት ሠላሳ አንድ ቢገባለት ምን ያደርጋል? ከማያውቀው ሰው ጋር ዘጠኝ ደቂቃ አያወራም፤ ይቅርታ ብሎ ይዘጋና እንደገና ይደውላል። ስለዚህ ሁለት ነገር ብቻ መጠየቅ ይበቃል፤ ስንት ደቂቃ ተነጋገሩ? በዚያው ቀን ያንኑ ቁጥር እንደገና ጠየቁ? ሁለቱም በመዝገቡ ውስጥ አሉ። ሆለታን ሳንደርስ ፕሮግራሙን በቲኬቱ ጀርባ መጻፍ ጀምሬ ነበር።

ሰኞ ጠዋት አማካሪዬ ቢሮ ገባሁና ሳልቀመጥ «ስህተቱ የኔ ነው፣ የኦፕሬተሯ አይደለም። እሷ እናቴ ናት» አልኩት።

በጣም ተናደደ። ተነስቶ መስኮቱ ጋ ቆመ። «ይህን ዛሬ ነው የምትነግሪኝ? አሁን የምትይውን ሁሉ ሴት ልጅ ስለ እናቷ የምትለው ነው ብዬ ብጥለው ምን ትያለሽ?»

«እኔን አይመኑኝ» አልኩ። «ካርዶቹን ላስኪዳቸው፣ ማሽኑ ዘመድ የለውም።»

አየኝ፣ አየኝና ሳይወድ በግድ ፈገግ አለ። በኮምፒውተር ማዕከሉ ወረፋ ላይ እንዲያስቀድሙኝ ማስታወሻ ጻፈልኝ። በጫማ ካርቶኑ ውስጥ የነበሩትን አውጥቼ ወደ ቦታቸው መለስኳቸው። በመጀመሪያው ቀን አንድ ካርድ ተገልብጦ ገብቶ ገጹ ሙሉ ስድብ መጣልኝ። በሁለተኛው ቀን ሰፊው ወረቀት እጄ ላይ ሲደርስ እዚያው መስኮቱ ሥር ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ሁለተኛ ቁጥር የነበራቸው ጥሪዎች ከሌሎቹ ያላነሰ ደቂቃ የወሰዱ ነበሩ። እንደገና የደወለ ሰው ከእጅ ጣት አይበልጥም። እናቴ ከሦስት ጥሪ አንዱን አላሳሳተችም። የሌለ የተባለውን ሰው ከያለበት ፈልጋ አገናኝታለች። ወረቀቱን ይዤ አለቀስኩ፤ ጥበቃው ፕሮግራሟ አልሠራ ብሎ ነው ብሎ አጽናናኝ።

አማካሪዬ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበው። «የገዛነው መጽሐፍ ሁሉ ስልክ ከቁጥር ቁጥር ይደወላል ይላል» አለ በመጨረሻ። «የአምቦ ሰዎች ግን ከሰው ሰው ነው የሚደውሉት።» መደምደሚያውን ቀደድኩና አዲስ ጻፍኩ፦ አምቦ አውቶማቲክ ስልክ ሲተከልላት ቁጥሩን ማሽኑ ያገናኝ፤ ሰውን የሚፈልግ አንድ ወንበር ግን እንዲቀር። ጥናቴን በተከላከልኩበት ቀን አንዱ መምህር «ይህ ምህንድስና ነው ወይስ ጉርብትና?» ብሎ ቀለደብኝ። ሁለቱንም ነው አልኩት፤ ያኔ ለመመለስ ያህል ያልኩት ነው፣ ዛሬ ግን አምኜበታለሁ። የሠራሁት ሥራ ሁሉ ከዚያች ጠባብ ዓምድ የወጣ ነው።

ውጤቱ የተለጠፈ ቀን ቅዳሜ ነበር። ከማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት በቀጥታ ወደ ስልክ ቤት ሄጄ አምቦን ጠየቅሁ፣ ተጠርቼ በጠባቧ ክፍል ገባሁ። ያነሳችው እናቴ አልነበረችም፣ የሥራ ጓደኛዋ ናት። እናቴ ተረኛ አይደለችም፤ ቤታችን ደግሞ ስልክ የለውም።

«የለችም ማለት ነው?» አልኩ።

«ማን የለችም አለሽ? አትዝጊ» አለችኝ። ገመድ ሲሰካ፣ ሲነቀል፣ እንደገና ሲሰካ ሰማሁ። አንድ ሰው «አሁን እዚህ ነበረች» አለ። ሌላ ቦታ ተደወለ። ከዚያ የወፍጮ ሞተር ድምፅ ጆሮዬን ሞላው፣ አንዲት ሴትም ከሩቅ ስትጠራት ተሰማኝ።

«ተናገሪ» አለቻት ጓደኛዋ።

ሃያ ዓመት ሰውን ሁሉ ተናገሩ ስትል የኖረችው እናቴ ዝም አለች። ትንፋሿ ይሰማኛል።

«አለፍኩ፣ እማዬ። ልመረቅ ነው።»

ሞተሩ ብቻ ይጮሃል።

«እማዬ፣ አለሽ?»

«አለሁ» አለች። «ሰው እንዲህ ጊዜ ብዙ ነገር ሲናገር እሰማለሁ። አሁን አንዱም አልመጣልኝም።» እሷም ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፣ ሁለታችንም እያለቀስን ነበር። ከዚያ ግን ጀመረች። የልጅነቴን ነገረችኝ፣ ስለ መነጽሯ ነገረችኝ፣ ያን ዓርብ ከክፍሉ ስወጣ ሰሌዳው ላይ የበራው መብራት ለአፍታ በእንባ እንደደበዘዘባት ነገረችኝ። በአንድ ጊዜ ያን ያህል አውርታኝ አታውቅም።

መካከል ላይ ጓደኛዋ ገባች። «ይቅርታ፣ ሦስት ደቂቃው ሞልቷል። ልጨምር?»

«ጨምሪ» አለች እናቴ። «ቁጥሩንም ከጎን ጻፊው።»